በስልክ የተቀባ ግድግዳ

ይህ ታሪክ ከራስ ፀጉሩ እስከ እግር ጥፍሩ እውነት ነው። አንዲት ቃል የተጨመረበት እንደሆነ የተናገረው ምላስ ለንደን፣ ሼፈርድስ ቡሽ ገበያ ላይ፣ ከዓሣው ጎን በረዶው ላይ ተዘርግቶ ይቸርቸር። ምስክር ለሚሻም ምስክር ሞልቷል፤ ሮማንወርቅ በሕይወት አለች፣ ጋሼ ጎይትኦም አንድ ፎቅ ዝቅ ብለው ይኖራሉ፣ ግድግዳውም የትም አልሄደም።

ነገሩ የተጀመረው ኖቬምበር ላይ፣ ቤቱን የሚያከራያቸው የቤቶች ማኅበር የላከው ጎረምሳ የኋላውን ክፍል ሊያይ የመጣ ዕለት ነው። ጎረምሳው ከወለሉ ተነሥቶ እስከ መስኮቱ ድረስ የወጣውን ጥቁር ሻጋታ ራቅ ብሎ አየው፣ እርጥበት የምትለካ አንዲት ትንሽ መሣሪያ ግድግዳው ላይ ደገፍ አደረገ፣ መሣሪያዋ ጮኸች፣ እሱም ወደ ኮሪደሩ ወጥቶ ለአለቃው ደወለ። የሮማንወርቅ ባል ብዙነህ ወጥ ቤት ሆኖ ሻይ እያፈላለት ነበርና እያንዳንዷን ቃል ሰማት። «ግድግዳው ጤነኛ ነው፤ የአኗኗራቸው ነገር ነው። ቀኑን ሙሉ ይቀቅላሉ፤ መስኮት አይከፍቱም» ይላል። ብዙነህ ሻዩን ገንዳው ውስጥ ደፋው። ከዚያም ወጥቶ፣ ፓርላማ ውስጥ ቢነገር መንግሥት የሚያወርድ እንግሊዝኛ ተናገረ፤ ጎረምሳው ደረጃውን ሦስት ሦስቱን እየዘለለ ወረደ። ሮማንወርቅ እንደምትለው ባሏ ያለው «ታንክ ዩ» ብቻ ነው፤ እሷ ግን ዋናው ንግግር ሲደረግ በረንዳ ላይ ልብስ እያሰጣች ነበር።

በዚያው ምሽት እድላዊት ደወለች። አንድ ልጃቸው ናት፤ ከባሏ ከሳዶቅ ጋር ፊንስበሪ ፓርክ፣ አልጋውም ምድጃውም አንድ ክፍል ውስጥ በሆነበት ስቱዲዮ ትኖራለች። ነፍሰ ጡር ነበረችና እናቷ ቤት መታረስ ትፈልጋለች። የመጀመሪያ ልጅ የሚታረሰው በእናት ቤት ነው፤ ይህን ለንደን ተወልዳ ያደገችም ታውቀዋለች። «ባት አባዬ፣ ያ ግድግዳ እያለ ቤቢ እዚያ አላስተኛም» አለች። ብዙነህ ሶፋው ላይ እግሩን አነባብሮ፣ «የቱ ግድግዳ? ቀባሁት እኮ!» አላት። እንዲህ ብሎ በአንድ ትንፋሽ ቀባው። በሚቀጥለው ሳምንት በስልክ ሁለተኛ እጅ ደገመው። ለገና ከነጭ ወደ ማር ቀለም ለወጠው። ፌብሩዋሪ ሲገባ ደግሞ ሥራውን ያዩ ጎረቤቶች «የኛንም ቀባልን» እያሉ በሩን እንዳጣበቡት፣ እሱም በትሕትና እምቢ እንዳላቸው ነገራት። ልጅቷ ልትመጣና ልታይ ስትል ሥራ ይይዛታል፣ ሥራው ሲለቃት ማቅለሽለሹ ይይዛታል፤ እንዲህ እያለ ዊንተሩ አለፈ።

ሮማንወርቅ ይህ ሁሉ ሲወራ እዚያው አጠገቡ ተቀምጣ ምስር ትለቅማለች። አንድም ቀን «ዋሸህ» ብላው አታውቅም። ስልኩ ሲዘጋ ተነሥታ ፍሪዘሩን ትከፍታለች፤ ፍሪዘሩ ውስጥ ከአገር ቤት ሰው ያመጣላት ቅቤ አለ፣ ተነጥሮ፣ በእርጎ ጣሳ ተከፋፍሎ። የገንፎው የገብስ ዱቄት አለ፣ አብሽ አለ። ሁሉንም ታያቸውና መልሳ ትዘጋለች። ሌላ ንግግር በዚያ ቤት ከጠፋ ቆይቷል። ብዙነህ መሐል ከተማ የአንድ ትልቅ መሥሪያ ቤት የሌሊት ዘበኛ ነው፤ እሱ እንደሚለው የሕንፃው ሙሉ ኃላፊ ነው፣ እሱ አንድ ሌሊት ቢቀር የለንደን ገንዘብ በጠዋት አይንቀሳቀስም። እሷ ሆስፒታል ታጸዳለች፣ በጠዋት ትወጣለች። እሱ ቀን ሲተኛ ማንኮራፋቱ የመስኮቱን መስታወት ስለሚያነጋግረው፣ እሷ ከሥራ መልስ ጋደም የምትለው፣ ለምዳውም ሌሊት የምታድረው የኋላው ክፍል ሆነ። ከጥቅምት ጀምሮ የያዛት ሳል ነበር። «የለንደን ብርድ ነው፤ እኔንም አንድ ሰሞን ይዞኝ በአንድ ሎሚ ነው ያባረርኩት» ይላታል ብዙነህ።

በማርች አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ እሱ ከሥራ ሲመለስ እሷ ወደ ሥራ ስትወጣ፣ እንደወትሮው ደረጃው ላይ ተገናኙ። ባልና ሚስቱ ከሶፋው ይልቅ በዚያ ደረጃ ላይ ነበር የሚተያዩት። እሱ ሌሊቱን ቆሞ ያደረ እግሩን እያነሣ ይወጣል፤ እሷ የባስ ካርዷን በእጇ ይዛ ትወርዳለች። ሮማንወርቅ አንድ ደረጃ ካለፈችው በኋላ ዞር አለች።

«እድል ዛሬ ትመጣለች። አመሻሽ ላይ።»

«ትምጣ! ደስ ይላል!»

«ክፍሉን ልታይ ነው። ዛሬ አይታ ነው የምትወስነው፣ ወይ እዚህ ወይ ፋና ቤት።»

ፋና የሳዶቅ እናት ናት። ኤሌፋንት ኤንድ ካስል አዲስ ከተሠሩት ፎቆች በአንዱ፣ መስታወቱ እንባ በማያውቅ፣ ወለሉ ከሥሩ በሚሞቅ ቤት ትኖራለች። ሮማንወርቅ እጇን ደረጃው ብረት ላይ አሳርፋ ትንሽ ቆመች፣ አፏን በነጠላዋ ጫፍ ይዛ ሳሏን ሳለች፣ ወረደች። ብዙነህ እስከ ታችኛው በር ድረስ ሳሏን ሰማው።

ሌላ ሰው ቢሆን በዚያች ሰዓት አልጋው ላይ ይወድቅ ነበር። ብዙነህ ግን ሁለት ቁራሽ ዳቦ በሻይ አወራረደና ወርዶ የጋሼ ጎይትኦምን በር አንኳኳ። ጋሼ ጎይትኦም ጡረታ የወጡ ኤርትራዊ ናቸው፤ አስመራ በልጅነታቸው የተማሩት አማርኛ እስከ ዛሬ አንድም አቧራ አልነካው፣ ከብዙነህ አማርኛ ይልቅ የጠራ ነው። ብቻቸውን ይኖራሉ። የሳቸውም የኋላ ክፍል ያው ግድግዳ ያው ጥቁር አለበት። ለሳቸውም ያ ጎረምሳ መጥቶ «መቀቀል ይቀንሱ» ብሏቸው ነበር። «እኔ ቤት የሚቀቀለው እንቁላል ነው» ይላሉ፣ ነገሩ እስካሁን እንደገረማቸው፣ «እሱም አንድ።»

«ጋሼ፣ ይነሡ! የቀለም ዕቃ ልንገዛ ነው።»

«ኖቬምበር ላይ ቀባሁት ብለኸኝ ነበር።»

«እሱ ሌላ ነው፤ የዛሬው የማጠናቀቂያው ነው» አለ ብዙነህ። ሽማግሌው ኮታቸውን ያዙ።

የሄዱበት ሱቅ ስፋቱ ጃን ሜዳን ያስንቃል። ብሩሹ ብቻ አንድ ሙሉ ግድግዳ ይዟል፤ ጠፍጣፋው፣ ክቡ፣ ጫፉ የተንሻፈፈው፣ ጣት የሚያክለው፣ መጥረጊያ የሚያክለው። ብዙነህ እጆቹን ወደ ኋላ አጣምሮ ከዳር እስከ ዳር ገመገማቸው። ከዚያ አንዱን እያነሣ ፀጉሩን በአውራ ጣቱ ይገለብጣል፣ ለበዓል በግ የሚመርጥ ሰው ላት እንደሚመዝን በመዳፉ ከፍ ዝቅ ያደርገዋል፣ ይንቀዋል፣ ይመልሰዋል። አዲስ አበባ ሳለ የስንቱን ትልቅ ሆቴል አዳራሽ እንደቀባ፣ አንድ ጣሊያን መሐንዲስ ሥራውን አይቶ ባርኔጣውን እንዳነሣለት ለጋሼ ጎይትኦም ተረከላቸው። የሱቁ ሠራተኛ፣ አንዲት የደከማት ልጅ፣ «ምን ልርዳዎት?» ብላ ስትጠጋ «እኔን? የኔ እህት፣ አንቺን ማን ይርዳሽ!» አላት በአማርኛ፣ በእንግሊዝኛ ግን «ጀስት ሉኪንግ» ብሎ አለፋት።

ግድግዳ ላይ እየተንከባለለ የሚቀባው የሮለር ረድፍ ጋ ሲደርሱ ዓይኑ አንዱ ላይ ወደቀ። ፀጉሩ የበግ ለምድ ነው፣ ክንድ ያህል ይረዝማል፣ ከሁሉም ይወደዳል። ብዙነህ ከነፕላስቲኩ አቀፈው። ጋሼ ጎይትኦም መነጽራቸውን አውጥተው፣ ከማሸጊያው ላይ ያለውን ጽሑፍ እጃቸውን ዘርግተው አራቁትና አነበቡት።

«ይሄ ለውጭ ጡብ ነው ይላል፣ ለሸካራ። ለቤት ውስጥ አጭር ፀጉር ያለው ነው።»

«ጋሼ፣ ፀጉሩ በረዘመ ቁጥር ቀለም ይጠጣል። ቀለም ከጠጣ፣ አንዴ ሄዶ አንዴ ሲመለስ ግድግዳው አለቀ!»

«ወይም ቀለሙ አለቀ» አሉ ሽማግሌው።

ብዙነህ ሰምቶ እንዳልሰማ ሮለሩን ጋሪው ውስጥ ጣለው። ከሮለሩ ቀጥሎ ጣሪያ የሚደርስ የሚሳብ እጀታ ገባ፤ የኋላው ክፍል ጣሪያ በእጅ የሚነካ መሆኑን ማንም አላነሣም። የቀለም ማፍሰሻ ትሪ ገባ፣ የወለሉን ዳር የሚከልል ፕላስተር ገባ፣ የብርጭቆ ወረቀት ከሸካራ እስከ ለስላሳ በየዓይነቱ ገባ። ቀለሙን ሲመርጥ ግን ጊዜ ወሰደ። የማሩ ቀለም በብዙ ስም ተደርድሯል፤ ናሙናዎቹን አንድ በአንድ እያነሣ ወደ መብራቱ ያያቸዋል። በስልክ የነገራት የትኛው ማር እንደሆነ እየፈለገ ነበር። በመጨረሻ አንዱን መረጠና ሙሉ ቤት የሚያለብሰውን ትልቁን ባልዲ አነሣ። ወገቡን ያዘው፤ ባልዲውን ግን ጋሪው ላይ ጫነ።

ጋሼ ጎይትኦም ከአንድ መደርደሪያ ሥር አንድ ጠርሙስ የሻጋታ ማጥፊያና ፀጉሩ እንደ ሽቦ የጠነከረ መፋቂያ ይዘው መጡ። «ይቺን ሳትይዝ እንዳትወጣ» አሉት። «እኔ ሳላጥብ ሦስቴ ቀባሁ፤ ሦስቴም ተመለሰ። መጀመሪያ ይታጠባል፣ ይፋቃል። ከዚያ እስኪደርቅ ቀን ይፈልጋል፣ ሁለትም ሦስትም ቀን። እርጥብ ላይ ከቀባኸው ጥቁሩን ደበቅከው እንጂ አላጠፋኸውም።»

«ልጅቷ ዛሬ አመሻሽ ላይ ነው የምትመጣው፣ ጋሼ።»

ከላይ ድምፅ ማጉያው ስለ መጋረጃ ቅናሽ ያወራል። ጋሼ ጎይትኦም ጠርሙሱንና መፋቂያውን ጋሪው ውስጥ ራሳቸው አስቀመጡ። መክፈያው ጋ ሲደርሱ ደግሞ ከመሸጫው አጠገብ ከተንጠለጠሉት ርካሽ ዕቃዎች፣ ሁለት ጣት የማትሞላ ትንሽ ብሩሽ አንሥተው ጨመሩበት።

«ለጥጋ ጥጉ።»

«ምንድን ናት ይቺ? ጥፍር ልንቀባ ነው?» አለ ብዙነህና ብቻውን ሳቀ።

ወደ ቤት ሲመለሱ ባሱ ሙሉ ነበር። ብዙነህ ባልዲውን በእግሮቹ መሐል አድርጎ፣ ረጅሙን እጀታ እንደ ዘብ ጠመንጃ ትከሻው ላይ አስደግፎ ተቀመጠ። ዓይኖቹን ጨፈነ፤ የሥራውን ዕቅድ እያወጣ ነበር። ዕቅዱ ጥልቅ ስለነበር አፉ ትንሽ ተከፈተ፣ የመውረጃቸውም ፌርማታ አለፈ። ጋሼ ጎይትኦም አልቀሰቀሱትም፤ ከሁለት ፌርማታ በኋላ ራሱ ነቃና «አውቄ ነው፤ በዚህ በኩል ነፋሻ ነው» አለ። ተመልሰው በእግር ሄዱ። ሽማግሌው ትሪውን ያዙለት፣ በራቸው ጋ ሲደርሱም ከነፌስታሉ አስረከቡትና «እጠበው» ብለው ብቻ ገቡ።

ከዚህ በኋላ የሆነውን ያየ ሰው ዕድሜ ልኩን ያወራዋል። ብዙነህ የኋላውን ክፍል በር ከፈተ፣ ያንን ጥቁር ግድግዳ ፊት ለፊት ቆሞ አፈጠጠበት። አፍሪካን የሚያክል ጥቁር ነው፤ የክፍሉ አየር የረጠበ ካልሲ ይሸታል። የሮማንወርቅ አልጋ ከግድግዳው ጥግ ነበር፤ በአንድ እጁ ገፋው። በመጀመሪያ ምንጣፉ ላይ ጋደም ብሎ ግድግዳውን ከሥሩ አጠናው፤ ባለሙያ ሁሉ ሥራውን የሚጀምረው ከሥር በማጥናት ነው፣ ይህም ትንሽ ጊዜ ወሰደ። ከዚያ ተነሣ። ማጥፊያውን ረጨ፣ በመፋቂያው ፈተገ፤ ሻጋታው እንደ ጠላት ጦር ተግተልትሎ ወለሉ ላይ ወደቀ። አጠበው፣ አደረቀው፤ ሁለት ሦስት ቀን ይፈልጋል የተባለው ግድግዳ በእስትንፋሱ ሙቀት ደረቀ። ቀጥሎ በብርጭቆ ወረቀት አለሰለሰው፣ እስኪያንሸራትት። ከዚያም ያንን የበግ ለምድ ሮለር ማሩ ውስጥ ነክሮ አንሥቶ፣ አንዴ ሄደ፣ አንዴ ተመለሰ፤ ግድግዳው አለቀ። የቀሩት ሦስት ግድግዳዎች የሱን ሥራ አይተው በራሳቸው ስለነጡ መቀባት አላስፈለጋቸውም። በዚህ ሁሉ አንዲት ጠብታ ልብሱን አልነካችም። የነካችው ሮማንወርቅን ነው፤ ከሥራ ተመልሳ በሩ ላይ ቆማ በአድናቆት ስታይ ፀጉሯ ላይና ክንዷ ላይ ፍንጣቂው አርፎባታል፣ ጥፍሯም ሥር ሳይቀር ገብቷል።

እድላዊት ቀኑ ሳይጨልም መጣች። ሳዶቅ መኪና ማቆሚያ ሲፈልግ እሷ ሆዷን በእጇ ደግፋ፣ በየደረጃው እያረፈች ብቻዋን ወጣች። እናቷ በሩ ላይ አቅፋት ለረጅም ጊዜ አልለቀቀቻትም። አባቷ ከኋላ «ልጄ መጣች! የኔ ንግሥት! በዚህ በኩል፣ በዚህ በኩል!» እያለ በሩን በሰፊው ከፈተ። የመጨረሻው የቀን ብርሃን በመስኮቱ ገብቶ ግድግዳው ላይ አርፏል። እውነትም ማር ነው። ሮማንወርቅ አልጋውን መልሳ አንጥፋ፣ አዲሱን አንሶላ አልብሳ፣ ትራሱ ጎን ትንሽ የተጣጠፈ የሕፃን ብርድ ልብስ አስቀምጣለች።

«ዋው» አለች እድላዊት። ጥቂት ቆይታ አፍንጫዋን ያዝ አደረገች። «አባዬ፣ ኖቬምበር ላይ ነው የቀባሁት አላልክም? ይሸታል እኮ።»

«የጥሩ ቀለም ነገር! ሽታው አይለቅም። ለማንኛውም ዛሬ አንድ እጅ ደገምኩልሽ፣ ላንቺ ክብር።»

«ጉንጭህ ላይ ምንድን ነው?»

ብዙነህ ጉንጩን ዳበሰ። የምንጣፉ ሽመና ከጆሮው ሥር እስከ አገጩ ድረስ ተቀርጾበት ነበር። «የሥራ ምልክት ነዋ!» አለ። «በጉንጭሽ ካልለካሽው ግድግዳ ሸካራና ለስላሳው አይታወቅም።»

እድላዊት ሳቀች፤ ከልጅነቷ ጀምሮ በአባቷ ወሬ የሳቀችውን ሳቅ። ከዚያ አልጋው ጫፍ ላይ ቀስ ብላ ተቀመጠችና ሳቁ ከፊቷ ሄደ። «ኖ፣ ሲሪየስ ግን አባዬ። ሚድዋይፏ ጠይቂ ብላኛለች። ከመቅባትህ በፊት ሻጋታውን አጥበኸዋል? ፕሮፐርሊ?»

«አጥበኸዋል ወይ ትለኛለች!» ብዙነህ መሐል ወለል ላይ ቆመ። ጎረምሳውን እንዴት እንዳባረረው፣ የሱቁ ሠራተኞች ሥራ አቁመው እንዴት ምክር እንደጠየቁት፣ መፋቂያውን እንዴት እንደመረጠ፣ ሻጋታው ተግተልትሎ እንዴት እንደወደቀ፣ ሮለሩ አንዴ ሄዶ አንዴ እንዴት እንደተመለሰ፣ አንድም ሳያስቀር ተረከላት። ክንዱን ዘርግቶ አየሩን ቀባው። ዓይኖቹ ሌሊት ባለመተኛት ቀልተዋል፣ ድምፁ ግን የጥምቀት ዕለት ድምፅ ነበር። ሮማንወርቅ በሩን ተደግፋ፣ እጆቿን ነጠላዋ ጫፍ ሥር አድርጋ ትሰማለች። ሳሏ ሲመጣ ዞር እያለች ትውጠዋለች።

እድላዊት መዳፏን ሆዷ ላይ አድርጋ ክፍሉን አንድ ጊዜ ዞራ አየችው፣ አልጋውን፣ መስኮቱን፣ ትንሿን ብርድ ልብስ። ትከሻዋ ሲወርድ ታየ፤ ብዙ ጊዜ ተሸክማው የነበረውን ነገር ያስቀመጠች ይመስል ነበር።

«ኦኬ» አለች። «እዚህ ነው የምመጣው። እማዬ? አንቺ ጋ ነኝ።»

«አላልኩሽም!» አለ ብዙነህ እጁን እያጨበጨበ። «አላልኩሽም ሮሚ!»

ሮማንወርቅ ወደ ልጇ መጣችና አጠገቧ አልጋው ላይ ተቀመጠች። ብርድ ልብሱን አንሥታ ጉልበቷ ላይ አደረገችው። ጥፍሯ ሥር ያለው ማር ደርቆ ነበር።

«እድል» አለች፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ወደ ማንም ሳታይ፣ «አባትሽ ተኝቶ ነበር። ምንጣፉ ላይ፣ ከነጫማው። ከሥራ ስመለስ ሮለሩ ከነፕላስቲኩ ነው፣ መፋቂያውም ከፌስታሉ አልወጣም። አልቀሰቀስኩትም፤ ሌሊቱን ቆሞ ነው ያደረው። በትንሿ ብሩሽ እኔ ነኝ የቀባሁት፣ እንድትመጪልኝ ብዬ። አልታጠበም፤ ጥቁሩ እንዳለ ከሥሩ ነው። ይሄ ሳል የያዘኝም እዚሁ ስተኛ ነው።» ብርድ ልብሱን ለሁለት አጠፈችው፣ ከዚያም ለአራት፣ ልጇም ጉልበት ላይ አኖረችው። «ፋና ቤት ታረሺ። ገንፎውን እኔ አመጣልሻለሁ፤ አንድ ባስ ነው።»